በሾፌሩ ወንበር የተቀመጠው ጆንያ

ጥቅምት 9

ለማከብርዎትና ሁልጊዜ ለሚናፍቁኝ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ከነሙሉ ጤናዎ፣ መዶሻዎም ከጎንዎ ሳይርቅ እንድታገኝዎት እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ ከአምና ጀምሮ ስለምንተዋወቅ ብዙም አልፈራውም። እትዬን ጉልበትዎን ስሜያለሁ ይበሉልኝ።

ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ዕድሜ ልኩን ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ጆሮ የእኔን ድምፅ ከየት ይሰማል። ባለፈው ስደውል «ማነህ አንተ?» ብለው ዘግተውብኝ እትዬ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመልሻለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አሁን የምሠራው የመኪና ማስዋቢያ ዕቃ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ብቻ ነው። ስፖይለር በለው፣ የፓራውልት ከንፈር በለው፣ ቸርኬ በለው፣ ሰው መኪናውን ለማሳመር የሚፈልገው ሁሉ አለ። ፎርክሊፍት ነጂው ከላይ ያወርድልኛል፣ እኔ ጠቅልዬ እልካለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ካርቶን ላይ የቀይዋን መኪናችንን ሞዴል አየሁና እጄ ቀጥ አለ። እኔና እርስዎ ከዚያ ሰውዬ የዶሮ ቤት ጀርባ ጎትተን ያወጣናት፣ ወንበሯ ላይ እንቁላል ያገኘንባት፣ ያቺው ባለሁለት በር ስፖርት መኪና እዚህ ባሕር ማዶ ስሟ ተጽፎ ሳይ እንባዬ መጣ። ለሠራተኛ ቅናሽ ስላለ ወሰድኩት። የፊት ከንፈር፣ ከበሮቹ ሥር የሚለጠፉ የጎን መከለያዎች፣ ከአራቱ ጎማዎች በላይ የሚለጠፉ ሽፋኖችና የኋላ ስፖይለር በመርከብ ተጭነው እየመጡ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ይግጠሙልኝ። ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ። ዝቅ ትበል፣ የሲጋራ ፓኮ እንኳን ከሥሯ እንዳያልፍ። ሰውነትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ የእሽቅድድም ወንበርም በእጅዎ ይሥሩልኝ። ስፖይለሩ በታሰረ ሰሞን ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ከግቢው በር የማወጣት እኔ ነኝ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነዳት። ይህን ቃል ይስጡኝ፣ እኔም እመጣለሁ የሚለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለእህቴ ልጅ፣ እሷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ለእኔው ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የምትተኛባት ክፍል እንደምን ናቸው? እኛ ደህና ነን። እትዬህ ስትነጫነጭ ትውላለች፣ ስለዚህ ጤነኛ ናት።

ዕቃው ደርሷል። ካርቶኑን ስከፍት እትዬህ ስፖይለሩን አንስታ «የልብስ መተኮሻ መላክ ሲገባው ጣውላውን ብቻ ላከ?» አለችኝ። ክንፍ ነው አልኳት። መኪናው ሊበር ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ነፋሱ ከመሬት እንዲያጣብቀው ነው ብዬ ሳስረዳት፣ ዶሮ ቤት ጀርባ ዓመታት የተጣበቀች መኪና ምን ማጣበቂያ አስፈለጋት አለች።

አሁን የሙያውን ልንገርህ። ይህ የላክኸው ነገር ፋይበር ነው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ። ካርቶኑ ላይ በፈረንጅኛ «በራሱ ይገጥማል» ይላል ብሎ መካኒኩ ጎረቤቴ አነበበልኝ። በራሱ የሚገጥም ነገር እኔ እስከዛሬ አላየሁም። የፊቱን ከንፈር ሳስጠጋው በግራ በኩል ጣቴ ያልፋል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ፓራውልቱን ይነክሳል። ተቆርጦ፣ ተሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ እንደገና ተለክቶ ነው የሚገባው። ይገባል። እኔ ይዤው ያልገባ የለም።

ግን የእኔን ሕግ ታውቃለህ፤ ባለቤቱ ሳይቀመጥ ብሎን አልበሳም። መኪና ባዶውን ሲቆምና ጌታው ሲቀመጥበት አንድ አይደለም። በሾፌሩ በኩል ትወርዳለች፣ ሞላዋ ይጎብጣል፣ ጎማውና ሽፋኑ ይቀራረባሉ። ባዶዋን ለክቼ ብገጥም አንተ በተቀመጥክ ቀን ጎማው ሽፋኑን ይበላዋል። ድሮ ባለመኪናዎቹ ሲሰለቹ ጋዜጣ ሰጥቼ ወንበራቸው ላይ አስቀምጣቸው እንደነበር ታስታውሳለህ። አንተ ደግሞ ሩቅ ነህ። ስለዚህ የአሸዋ ጆንያ በሾፌሩ ወንበር ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ኪሎህን ላክልኝ። ለምሠራው ወንበር ደግሞ የተቀመጥክበትን ልክ እፈልጋለሁ፤ የትከሻህን ስፋት፣ ከዳሌህ እስከ ጉልበትህ፣ ከጉልበትህ እስከ ተረከዝህ። ልብስ ሰፊ ይመስል አስለካኝ እንዳትል፤ ወንበርም ልብስ ነው።

ቃሉንም ሰጥቼሃለሁ፤ ማንም አይነዳትም። ወጥተህ ግባ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው።

አጎትህ


ታኅሣሥ 27

ለማከብርዎት ጋሼ፤

የእርስዎና የእትዬ ጤና እንዲበዛ፣ ቤቱም እንዲሞቅ እመኛለሁ። ደብዳቤዎን እዚያው መጋዘን ለምሳ ቁጭ ብዬ ሳነብ ስለ መተኮሻው የጻፉት ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅኩና ሁሉም ዞር ዞር ብለው አዩኝ።

ኪሎዬ ሰባ ስምንት ነው። የዕቃ ሚዛን ላይ ወጥቼ ነው ያየሁት፤ የያዝኩትን ካርቶን ሲቀንሱለት ትክክል ነው። ጆንያውን ግን እባክዎ ጥሩ አድርገው ያስቀምጡልኝ፣ ጀርባዬን እንዳያመኝ። ልኬን በሚቀጥለው ደብዳቤ እልካለሁ። ሜትር ያለው ጓደኛዬ ፈረቃው ከእኔ ጋር አይገናኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስፖይለሩ ታስሮ በእነዚያ በዛጉ ቸርኬዎች ከግቢ ብትወጣ ሰው ይስቅብናል። እዚህ አንድ ዓይነት ቸርኬ አይቻለሁ፣ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ። ለእሱ ስል ከጥር ጀምሮ የሌላ ሰው ፈረቃ ጨምሬ ልሠራ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ብዘገይ እንዳይቀየሙኝ። እንቅልፍ ነው የሚቀንሰው እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ፤ ከመጋዘኑ በር ላይ ነው። ጫማው አዲስ ነው፣ እትዬ ይዩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 11

ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? ድካሙስ? ፎቶህን እትዬህ ከመስተዋቱ ጠርዝ ሰክታዋለች። ጫማውን አይታ «ይህን አድርጎ ነው ዕቃ የሚሸከመው?» ብላ ተቆጣች፣ ቀጥላ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

ጆንያው ተቀምጧል። ሰባ ስምንት ኪሎ አሸዋ ከብሎኬት ሠሪው ለምኜ፣ በሁለት ጆንያ ከፍዬ፣ አንዱን ለመቀመጫህ አንዱን ለጀርባህ አድርጌ በቀበቶ አሰርኩት። የድሮ ኮፍያዬን ጣል ባደርግበት መንገደኛው ሁሉ ሰው እየመሰለው ሰላም ይለዋል። ትናንት ቆሻሻ ሰብሳቢው መጥቶ ክፍያ ጠይቆት መልስ ሲያጣ «ምን ዓይነት ኩሩ ነው» ብሎ ሄደ።

ሥራው እንዲህ ነው። የፊቱ ከንፈር ገብቷል። በግራ በኩል ቆርጬ በፋይበር ሞልቼ፣ ስቱኮ ቀብቼ፣ እጄን እስኪያንሸራትት ድረስ ፍቄዋለሁ። መዳፌን ሳሳልፍበት የቱ የፋብሪካው የቱ የእኔ እንደሆነ አይለይም። የጎን መከለያዎቹም ገብተዋል። አራቱን የጎማ ሽፋኖች ጆንያው ተቀምጦ እያለ ነው የለካሁት፤ ባዶዋን ብለካ ኖሮ የፊቱ ግራ ጎማ ይነካ ነበር፣ እንዳልኩህ። አቧራው መጥፎ ነው። እትዬህ አፌ ላይ ጨርቅ እያሰረች ነው የምትልከኝ፣ ዞር ስትል አወልቀዋለሁ።

ስፖይለሩ ብቻ ቀረ። የኋላ ኮፈኗን መብሳት አለብኝ። ላሜራው ድሮ በእጄ ያቀናሁት፣ አንተ መብራት ይዘህልኝ የነበረው ነው። መሰርሰሪያውን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ልክህ ሲመጣ ከወንበሩ ጋር አንድ ላይ እጨርሰዋለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሲያልቅ ትመጣለህ ብዬ ነው የምፈጥነው። እትዬህ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በመኪናዋ በኩል ታልፋለች። አንድ ቀን ጆንያውን «ቁርስ በልተሃል?» ስትለው ሰማኋት። እንደሰማኋት አላወቀችም።

ወጥተህ ግባ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው።

አጎትህ


ሚያዝያ 6

ለልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ዘገየ። ብዘገይ አትቀየሙኝ ብለሃልና አልተቀየምኩም፤ እትዬህ ግን ተቀይማለች። ስፖይለሩን ሳላስረው ብጠብቅ ብጠብቅ ልክህ አልመጣም፤ ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ኮፈኑን በሳሁት። ያምራል። ራቅ ብዬ ቆሜ ሳየው ምራቄን ዋጥኩ። አንተም ብታየው ትል የነበረውን አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሁለት መስመር ጻፍልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። እግርህን እንቅፋት አይምታው።

አጎትህ


ሰኔ 3

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ለእርስዎም ለእትዬም ጤና እመኛለሁ። ስለቆየሁ ይቅርታ ይደረግልኝ። ደህና ነኝ። በሥራዬ ላይ ለውጥ አለ፣ ከእንግዲህ ተቀምጬ የምሠራው ነው የሚሆነው።

ስለ ቀይዋ አንዳንድ ነገር አስቤያለሁ። ዝቅ ማድረጉ ይቅር። እንዲያውም የሚቻል ከሆነ ከፍ ትበል፣ ከወንበር እኩል። ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ ቢሆን ይሻለኛል፤ ፍሪሲዮን መርገጥ ሰልችቶኛል። በሩስ አሁን ከሚከፈተው አልፎ ወለል ብሎ መከፈት ይችል ይሆን? ቸርኬዎቹን ትቻቸዋለሁ፤ እንዳይጠብቋቸው።

የጆንያው ኪሎ ስልሳ ስድስት ይሁን። ትከሻዬ አርባ ስድስት ሳንቲ ነው፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት ሃምሳ ስምንት።

ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም ጋሼ። ቀስ ብለው ይሥሩ። ይህን ዓመት ፈቃድ አላገኝም፣ የሚቀጥለውንም እንጃ። ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 25

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለህ? እኛ አለን።

ደብዳቤህ ሲመጣ እትዬህ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ዝም አለች። እኔ ግን ዝም አልልም። ጥቅምት ላይ ዝቅ ትበል፣ የሲጋራ ፓኮ እንዳያልፍ አልክ። አሁን ከወንበር እኩል ከፍ ትበል ትላለህ። ጎማዋ ውስጥ እንዲገባ ስንት ቀን የተጨነቅኩበትን ሽፋን ለምን ሠራሁት? ይህ ሁሉ ልብስ ለአጭር መኪና የተሰፋ ነው። ከፍ ብትል ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴትዮ ነው የምትመስለው። ፍሪሲዮን መርገጥ ሰልችቶኛል ብለሃል ደግሞ። ልጄ፣ የማንን ፍሪሲዮን ረግጠህ ነው የሰለቸህ? እዚያ በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብለኸኝ የለም እንዴ?

ኪሎህ ደግሞ ምን ሆነ? አሥራ ሁለት ኪሎ ሰው ከየት አባቱ ይጥላል? ምግብ አይሰጡህም? አሸዋውን በሣህን እየጨለፍኩ ሳወጣ እትዬህ ደጃፍ ቆማ ታይ ነበር። ጆንያው ጎበጥ አለ፣ ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወረደ። ገብታ በሩን ዘጋች።

ልኩንም እስከ ጉልበት አድርሰህ ትተኸዋል። ከጉልበት እስከ ተረከዝ ያልኩህን የት ረሳኸው? የፔዳሉን ርቀት የማወጣው በእሱ ነው። እኔ ለግማሽ ሰው ወንበር አልሠራም። ሙሉውን ላክና እንጨርስ።

ወጥተህ ግባ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው።

አጎትህ


ጥቅምት 14

ለልጄ፤

እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ክረምቱ አልፎ ደብዳቤ አልመጣም። እኔ ያው ተናዶ ነው እል ነበር። እትዬህ ግን ሁለቱን ፎቶዎችህን ከመስተዋቱ ነቅላ ጠረጴዛ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠቻቸው። በመጀመሪያው ከመጋዘኑ በር ቆመሃል፣ ጫማህ ይታያል። በሁለተኛው ከደረትህ በላይ ነህ፤ ከኋላህ ያለው የመስኮት ደፍ ደግሞ ከራስህ በላይ ነው። «ይህ ልጅ ተቀምጦ ነው የተነሳው» አለችኝ። ሰው ተቀምጦ ፎቶ ቢነሳ ምን ይገርማል ብዬ ቁጣ ቁጣ አለኝ።

ተናድጄ ወደ ግቢ ወጣሁና የሰኔውን ደብዳቤህን ኮፈኗ ላይ ዘረጋሁት። እሺ፣ ልጁ ያለውን ልሥራለት፣ ምን እንደሚፈልግ ልየው አልኩ። ጆንያውን አንስቼ እኔ ተቀመጥኩ። በሩን ወለል አድርጌ ለመክፈት ሞከርኩ፤ ሰው ቆሞ የሚገባ ከሆነ አሁን ያለው ይበቃዋል። የሚበልጥ የሚያስፈልገው ከሌላ መቀመጫ ተንሸራትቶ ለሚገባ ነው። ከፍ ትበል ያልከው ከወንበር እኩል ነው፣ ምን ወንበር እንደሆነ ግን አልጻፍክም። ፍሪሲዮኑን አትፈልግም። ቸርኬውን ተውከው። ልክህ ጉልበትህ ላይ ያልቃል። ሁሉንም ከወንበሩ ሳልነሳ አሰብኩት፣ ከዚያ እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ።

ስገባ እትዬህ ጠረጴዛው ዘንድ ነበረች።

«እግሩን ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አሸዋውን ስታወጣ ነው ያወቅኩት።»

ክረምቱን ሙሉ አውቃ ዝም ብላኛለች። ለእኔ ብላ ነው። እኔ ደግሞ «ለግማሽ ሰው ወንበር አልሠራም» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ያን ሳስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ሳላውቅ ነው ልጄ፣ አንተም ሳላውቅ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ቢሆንም እጄ ጽፎታል።

አሁን የሠራሁትን ልንገርህ። የጎን መከለያዎቹን ነቅያቸዋለሁ። ቆንጆ ናቸው፣ ግን የበሩን ደፍ በአንድ ጋት ያሰፉታል፤ ያን ያህል ተሻግሮ መቀመጥ ለአንተ ይከብዳል። የፊቱን ከንፈርም አወለቅኩት፣ ከፍ ስላደረግኳት ቦታው አይደለም። የበሩን ማገጃ ቆርጬ ማጠፊያውን አራዘምኩት፤ አሁን ከፊት ጎማው በላይ እስካለው ፓራፋንጎ ድረስ ይከፈታል። የእሽቅድድም ወንበሩን ብረቱን ጨርሼ ነበር፣ ጎንና ጎኑ ሰውን አቅፎ የሚይዝ። ተውኩት። በምትኩ ጠፍጣፋ ወንበር በሐዲድ ላይ አድርጌ ሠራሁ፤ እጀታውን ስትስበው ወደ በሩ ይወጣልሃል፣ ትቀመጥበታለህ፣ መልሰህ ትገፋዋለህ። ካምቢዮውን መካኒኩ ከተጋጨ መኪና አውጥቶ ለወጠልኝ። ነዳጁንና ፍሬኑን ከመሪው ሥር በእጅ በሚገፋና በሚሳብ ዘንግ አገናኝተነዋል። እኔ ራሴ እግሬን አጥፌ ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ሞከርኩት፤ ማንም አይነዳትም ያልኩህን ቃል ያፈረስኩት በዚህ ብቻ ነው። ይሠራል።

ጆንያውን በአዲሱ ወንበር ላይ መልሼዋለሁ። ስፖይለሩን አልነካሁትም። ማንንም አይከለክልም፣ ይቀመጥ። መንገደኛው አሁን መኪናዋን ሲያይ ይስቃል፣ ከፊት የሽማግሌ ከኋላ የጎረምሳ ናት። ይሳቅ።

እኔም ያልነገርኩህ ነገር አለ፣ ተካክለናል። የፋይበሩ አቧራ ደረቴ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ መፋቅ አቁም ብሎኛል። አቁሜያለሁ፤ ይህ ሥራ የመጨረሻዬ ነው። ሌሎቹ ደንበኞቼ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደዋል። ግቢው ውስጥ አሁን ቀይዋና እኔ ብቻ ነን። ይህን የምልህ ላስቸኩልህ አይደለም፤ ላስቸኩልህም ነው።

ስለሆነውም፣ ስለ ማን ጥፋት እንደሆነም አልጠይቅህም። ከጉልበት በታች ያለውን ልክ ብቻ ላክልኝ፣ ምንም ይሁን ምን። እግርህ የሚያርፍበትን ሰሌዳ ገና አልሠራሁም፣ እሱን እየጠበቅኩ ነው።

የድሮውን ምርቃት አልጽፍም። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አስቤ አፈርኩ። ፈጣሪ ይያዝህ።

አጎትህ


ኅዳር 20

ለጋሼና ለእትዬ፤

እንደምን ናችሁ? እኔ ደህና አይደለሁም። ይህችን ቃል ለመጻፍ ነው ዓመቱ ያለቀው።

የካቲት ላይ ነው። ፈረቃው የእኔ አልነበረም፣ ለቸርኬዎቹ ብዬ የገባሁበት ነው። የቸርኬው መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ተናደ፣ እኔ ሥሩ ነበርኩ። ቀኙን ከጉልበት በላይ ቆረጡት፣ ግራውን ከጉልበት በታች። እስከ ጉልበት ብዬ የላክሁልዎ የግራውን ነው። ስለ ጆንያው፣ እትዬ ቁርስ በልተሃል ስላሉት የጻፉልኝ ደብዳቤ ሆስፒታል አልጋዬ ላይ ደረሰኝ። አስታማሚዋ መጨረሻው ላይ ያለችው መስመር ምን ትላለች ብላ ጠየቀችኝ። ሰላምታ ናት አልኳት። ከዚያ በኋላ በመጡት ደብዳቤዎች ላይ እዚያ መስመር ስደርስ ወረቀቱን እያጠፍኩ አልፌያታለሁ፤ ግን አልጠላኋትም፣ እባክዎ እንዲህ ብለው እንዳያስቡ። ስለ ግማሽ ሰው የጻፉትንም ሳነብ የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ግን መጻፍ አቃተኝ።

ያልነገርኳችሁ ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ፈረቃው ለቀይዋ ብዬ የገባሁበት መሆኑን ከሰሙ መዶሻዎን አንስተው ይሰባብሯታል ብዬ ፈራሁ። ጋሼ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ። እሷ ከሌለች ደግሞ ወደየት እንደምመጣ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር በጨረሱ ቁጥር ሌላ ነገር ልጨምር፣ እንዳታልቅ ላድርግ አልኩ። ከፍ ትበል፣ ካምቢዮው ይለወጥ፣ በሩ ይስፋ እያልኩ ስጽፍ የሚያስፈልገኝን ነበር የጻፍኩት፤ አንድ ቀን ያውቁብኛል ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር መሰለኝ።

ሰው ሠራሽ እግር እያስለመዱኝ ነው። እሱም እንደዚያ የመኪናዋ ከንፈር ነው ጋሼ፣ በራሱ የሚገጥም አይደለም። ባለሙያው ያስገባዋል፣ ያየዋል፣ ያወጣዋል፣ ይፍቀዋል፣ መልሶ ያስገባዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያየው እርስዎን ይመስለኛል። እስካሁን አልገጠመም። ያማል። የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ወደዚያ ሐኪም ቤት በምሄድበት ቀን ብቻ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ያወርዱኛል። በቀረው ቀን በተሽከርካሪ ወንበሬ መስኮቱ ሥር ነኝ።

እመጣለሁ ብዬ እንደገና ቃል አልሰጥም። አንዴ ሰጥቼ ምን እንዳደረግኩት አይታችኋል። የመጣሁ ቀን እመጣለሁ፣ ወንበሩንም እስበዋለሁ፣ ስፖይለሩንም አየዋለሁ። ሐኪሙ ያለዎትን ይስሙ፤ ከእንግዲህ ምንም አይፋቁ። እኔ የምደርስበት ሰው ካልጠበቀኝ መኪናዋ ብቻዋን ምን ታደርግልኛለች።

የጠየቁኝን ልክ ይኸው። ከጉልበት በታች ግራው አሥራ ሦስት ሳንቲ። ቀኙ የለም።

ሰሌዳውን በዚህ ይሥሩት። ጆንያውን ግን ገና አያንሱት። እትዬም ቁርስ በልተሃል ብለው መጠየቃቸውን አይተዉ።

የእህትዎ ልጅ